ከአጥሩ ወዲያ የተቀመጠችው ሴት

እኔ ሰው ሲዋሽ አልወድም። ፎቶ ሲዋሽ ደግሞ ይብስብኛል። ይህን የምለው ራሴን ለማመጻደቅ አይደለም። ልጄ ምሕረት "አባዬ ደረቅ ነው" ትለኛለች፤ ልክ ናት። የምተርክላችሁ ነገር የጀመረው ከዚሁ ድርቅናዬ ስለሆነ ከመነሻው ብታውቁኝ ይሻላል።

ሆሳዕና ውስጥ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ፎቶ ማንሳትን ከአንድ አሮጌ ካሜራ፣ ኮምፒውተርን ደግሞ ከራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሞተ ሰው ፎቶ አሳድጋለሁ፣ የተቀደደ እጠግናለሁ። ብዙው ደንበኛ ግን የሚመጣው ለውሸት ነው። አንዱ "ከኋላዬ ፎቅ አድርግልኝ" ይላል። ሌላዋ "የሞተው አባቴ ሠርጌ ላይ እንደነበረ አስመስልልኝ" ትላለች። አንድ ጎልማሳ ሰው ደግሞ የሰው መኪና ፎቶ ይዞ መጥቶ "እኔን ውስጡ አስገባኝ፣ መስኮቱን ግን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ፊቴ ይታይ" ብሎኛል። ሌሎች ይሠሩላቸዋል። እኔ በሩን አሳያቸዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ልቤን የሰረቀው ሥራ አለ፤ አሮጌ ጠፍጣፋ ፎቶን ጥልቀት እንዲኖረው ማድረግ። ሰው በሁለት ዓይኑ ሲያይ የግራውና የቀኙ እይታ ትንሽ ይለያያል፤ ቅርብና ሩቅ የምንለየው በዚያ ነው። ፎቶ ግን በአንድ ዓይን የታየ ነገር ነው። ስለዚህ ከአንዱ ፎቶ ሁለት አወጣለሁ፤ ለግራ ዓይን የሚሆነውን በቀይ፣ ለቀኝ የሚሆነውን በውሃ ሰማያዊ ቀለም አድርጌ ደርቤ አትማቸዋለሁ። በባዶ ዓይን ሲያዩት ኅትመቱ የተበላሸ ይመስላል። አንዱ መስኮቱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ የወረቀት መነጽር ሲያደርጉ ግን ሰውየው ከወረቀቱ ወጥቶ ፊታችሁ ይቀመጣል። የከተማው ሰው "የጋሽ ሳሙኤል ስሪዲ" ይለዋል።

ሥራው የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በፎቶው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር፣ ማን ከማን ፊት እንዳለ እየወሰንኩ፣ የቀረበውን ነጭ፣ የራቀውን ጥቁር፣ መካከሉን ግራጫ አድርጌ እንደ ገና እቀባዋለሁ። ኮምፒውተሩ የነገሩትን ያምናል። ሰውየውን ወደ ፊት ስታወጡት ከጀርባው ፎቶው ያላየው ባዶ ቦታ ይቀራል። እዚያ ላይ ሣር ወይም ግድግዳ እሞላለሁ። ከዚያ ያለፈ ከራሴ አልጨምርም።

አሁን ወደ ልጄ። ምሕረት ዱራሜ ነርስ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ በቁጣም በጸሎትም። እዚያው ዱራሜ ተመስገን የሚባል የከምባታ ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ብያለሁ። የቀረው የሁለቱ ቤተሰብ ትውውቅና ሠርጉ ነበር።

ተመስገን አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደገው አጎቱ አቶ መለሰ ነው። አቶ መለሰ የእህል ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ትልቅ፣ ስለ ሰጠው የሚያወራው ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ። አንድ ቀን ሁለቱ አብረው ሱቄ መጡ። ግድግዳዬ ላይ የአንድ የድሮ ከብት ገበያ ስሪዲ ነበረኝ፤ መነጽሩን ለአቶ መለሰ ሰጠሁት።

"ያዙኝ!" ብሎ ወደ ኋላ ሸሸና ወንበር ገለበጠ። "ሊወጋኝ ነው እኮ!"

"አጎቴ፣ አይፍሩ፣ በሬው ድሮ ተበልቷል" አለው ተመስገን።

ተሳሳቅን። ከዚያ አቶ መለሰ ከኮቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣ። እጁ የሆነ ታቦት የያዘ ይመስል ነበር።

"አባቴ ናቸው" አለ። "የተመስገን አያት። በንጉሡ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ፎቶ አንሺ ነው ያነሳው።"

ሽማግሌው ከቤታቸው ደጅ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢ ለብሰዋል፣ ፊታቸው ገበታ ቀርቧል። ከእግራቸው ሥር ውሻ ተኝቷል። ከትከሻቸው ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ የምትመስል ተቀምጣ የሆነ ነገር ወደ አፏ ትወስዳለች። በእሷና በእሳቸው መካከል ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን የፎቶ ጭረት አለ።

"ይቺን ያዩዋታል?" አለ አቶ መለሰ ጣቱን ሳያስነካ። "ሸክላ ሠሪ ናት። ያኔ ሕፃን ነበረች። አባቴ ከጎናቸው አስቀምጠው ነበር የሚያበሏት። በዚያ ዘመን! ከእነሱ ጋር ውሃ በማይጠጣበት ዘመን! የእኛ ቤት ድሮም ሰው አይለይም፣ ጋሽ ሳሙኤል።"

ከሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ ልንገራችሁ። በእኛ አገር፣ በሀዲያም በከምባታም፣ ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች አሉ። በሠሩት ድስት ወጣችንን እንሠራለን፤ እነሱ በነኩት ሳህን ግን አንበላም። ድሮ ከሰው ቤት አይገቡም ነበር። የሚጠሩበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስድብ ነው። ሕግ ከልክሎታል፣ ሰባኪውም ያወግዘዋል፣ አፋችንም ትቶታል። እጃችን መተዉን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ ያንን ፎቶ ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ ኮራሁ። ልጄ የምትገባበት ቤት ይህ ነው አልኩ። ሴቲቱ ዛሬም በሕይወት አለች፣ እማማ አየለች ይባላሉ፣ ዳምቦያ ነው የሚኖሩት፤ በትውውቁ ቀን ይጋበዛሉ ተባለ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ይሰቀላል፣ ለእንግዳው ሁሉ መነጽር ይታደላል። "አባቴ ከእኛ ጋር ይቀመጡ" አለ አቶ መለሰ። "እሷም አጠገባቸው።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ሥራውን ጀመርኩ። ሽማግሌውን ነጭ አደረግኋቸው። ገበታውን ከእሳቸው ፊት አወጣሁ፤ ውሻውን ከእግራቸው ሥር። ቀጥሎ ሕፃኗን ልቀባ ስል ጭረቱ እንቅፋት ሆነብኝ። ጭረት መጀመሪያ መጠገን አለበት። አጉልቼ ሳየው ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ጭረት የወረቀቱ ጉዳት ነው፤ ሁሉን እኩል ነው የሚቆርጠው። ይህኛው የልጅቷን ጉልበት ቆርጦ ያልፋል፤ የሽማግሌው ጋቢ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ከጋቢው ሥር እንደ ገና ይቀጥላል። ጋቢው ይሸፍነዋል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያለን ጭረት ጋቢ አይሸፍንም።

ጭረት አልነበረም። እንጨት ነው። ወደ ግራ ስሄድ ሌላ አገኘሁ፣ ከእንሰቱ ጥላ ጋር የተመሳሰለ፤ ከዚያም ሌላ። አጥር ነበር። ሽማግሌው ከአጥሩ ወዲህ ናቸው። ሴቲቱ ከአጥሩ ወዲያ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አልቻለም። ፊቷን አጎላሁት። ሕፃን አይደለችም። ራሷ ላይ ያገባች ሴት እንደምታስረው የታሰረ ሻሽ አለ፤ ጉንጯ የጎልማሳ ነው። ትንሽ የመሰለችው ልጅ ስለሆነች አይደለም። ርቃ ነው። ጠፍጣፋ ፎቶ ሩቁን ከቅርቡ አጠገብ ስለሚለጥፈው፣ ከአጥር ውጭ መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት የሽማግሌው ትከሻ ላይ የተደገፈች ሕፃን መስላ ኖራለች። ከፊቷ ሳህን የለም። የእንሰት ቅጠል ነው፤ መሬት ላይ የተዘረጋ።

ውሻው ግን ከአጥሩ ውስጥ ነው።

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ። ድሮ እንዲህ ይደረግ እንደነበር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ማን አያውቅም? ያንገሸገሸኝ ይህንን ነገር በላስቲክ ጠቅልለው፣ ለልጅ ለልጅ ልጅ እያሳዩ፣ የደግነታችን ማስረጃ ነው ሲሉ መኖራቸው ነው።

ለአቶ መለሰ ደወልኩ።

"ሴቲቱ ከአጥር ውጭ ናት" አልኩት።

"የምን አጥር?"

"ጭረት የመሰለን የአጥር እንጨት ነው። ሕፃንም አይደለችም።"

ከበስተጀርባው እህል የሚሰፍሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል።

"ታዲያ ያስጠጓታ!" አለ። "እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚያቀርቡትና የሚያርቁት? ከአባቴ ጎን ያምጧት።"

"እሳቸው ያላስቀመጧት ቦታ እኔ ላስቀምጣት?"

"ጋሽ ሳሙኤል፣ ደግ ሥራ እኮ ነው። ሴትየዋም ደስ ይላታል። ማን ይጎዳል?"

"እኔ ፎቶው ያለውን ነው የምሠራው።"

ሳቁ ጠፋ። "እርስዎ የልጅ አባት ነዎት" አለ ቀስ ብሎ። "ዘመድ ልንሆን ነው። በአንድ ወረቀት ምክንያት ነገር አይበላሽ። ልጅዎ ቤቴ ገብታ የምትኖር ናት።"

ስልኩን ዘጋሁት። ማስፈራራቱ ገብቶኛል። ደግሞም ሥራው ቀላል ነበር፤ በሴቲቱ ላይ ያለውን ጥቁር ግራጫ ትንሽ ነጣ ማድረግና እንጨቶቹን ማጥፋት፣ አለቀ። የልጄ ትዳር በዚያ ግራጫ ላይ የተንጠለጠለ መስሎ ተሰማኝ። ለምሕረት ልንገራት ብዬ ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ለአጎቱ ጥፋት እጮኛዋን ልታስከፍለው ትችላለች፣ ያ ደግሞ ፍትሕ አይደለም አልኩ። መጀመሪያ ልጁን ልየው ብዬ ፎቶው እንዳለው፣ ሴቲቱን ከአጥሩ ወዲያ አድርጌ ጨረስኩት።

ኅትመቱን ሊወስድ ተመስገን መጣ። መነጽሩን ሰጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ረጅም ጊዜ አየ። ሲያወልቀው ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"እኔ በዚህ ፎቶ ተማሪዎቼን አስተምሬያለሁ" አለ። "እዩ፣ አያቴ፣ እያልኩ።"

"አጎትህ ላስጠጋት ይላል። አንተስ?"

"እንዳለ ይሁን፣ ጋሼ። እውነቱ ይሻላል። ለአጎቴ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

አቀፍኩት። እኔ ሰው ማቀፍ አላበዛም። ይሄ ልጅ ይሆናታል አልኩ፤ ኅትመቱን ጠቅልዬ፣ መነጽሮቹን በካርቶን አሽጌ አስረከብኩት።

የትውውቁ ቀን ከወንድሞቼና ከእህቴ ጋር ከሆሳዕና ተነሥተን ዱራሜ ገባን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ቆጮው፣ ክትፎው፣ ጎመኑ፣ ለእኛ ለሀዲያዎቹ ክብር ሲባል በቅቤ የተሠራው አተካና፣ ምኑ ቅጡ። ምሕረት ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከተመስገን ጎን ቆማ ስታየኝ ሳቀች፤ እናቷን መሰለችኝ። ኅትመቱ ከፊት ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ተመስገንን ጠቀስኩትና "ነገርከው?" አልኩት።

"ጊዜ አጣሁ፣ ጋሼ። ግን ችግር የለውም።"

ወደ ወንድሞቼ ተመለስኩ።

እማማ አየለችን በባጃጅ አመጧቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። አቶ መለሰ "የክብር እንግዳችን!" ብሎ እየጮኸ ተቀበላቸው፤ ግን አልጨበጣቸውም። ከኅትመቱ አጠገብ ለብቻው የተቀመጠ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እኛ በየትሪው ዙሪያ አራት አምስት ሆነን ተቀመጥን። ለእሳቸው ምግብ በሚጣል ሳህን፣ ውሃ በሚጣል ኩባያ መጣላቸው። ያመጣችው ልጅ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጣ እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ በግቢው ሙሉ የሚጣል ሳህን ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው።

አቶ መለሰ ቆሞ ጸለየ። "ጌታ ሆይ፣ ትልቅ ትንሽ ሳንል በአንድ ማዕድ ስላስቀመጥከን እናመሰግንሃለን" አለ። "አሜን" አልን።

ከዚያ ስለ አባቱ ደግነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጨርቁን ገለጠ፤ መነጽር ታደለ። ድንኳኑ በጩኸት ተሞላ። አንዷ ሴት እጇን ዘርግታ የሽማግሌውን ጋቢ ልትነካ ሞከረች። "ኧረ እየወጡ ነው!" ይላል አንዱ፤ "አባባ፣ እንደምን ዋሉ!" ይላል ሌላው። አንዱ ጎረምሳ ገበታውን እያየ "ማነው ጎመን ያልደረሰው፣ ከዚህ ይውሰድ!" ብሎ አሳቃቸው። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ የአቶ መለሰ እህት ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"መለሰ! አየለች የታለች? ከአጥር ውጭ ናት እኮ!"

"የምን አጥር? እስቲ መነጽርሽን አስተካክይ።"

"ይኸው! አጥር ነው! ወይኔ፣ ውሻው ወዲህ ነው!"

ሰው ሁሉ መልሶ አየ። ሳቁ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ ጠፋ። አቶ መለሰ መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሽ ሳሙኤል፣ ኮምፒውተሩ ተሳስቷል፣ አይደል?"

ሁሉም አዩኝ። ምሕረትም አየችኝ።

"አልተሳሳተም" አልኩ። "ፎቶው ያለው ነው።"

ተመስገን መሬቱን ያይ ነበር።

"እሺ፣ ባለጉዳይዋ ራሳቸው እያሉ ከኮምፒውተር ጋር ምን አከራከረኝ!" አለ አቶ መለሰ፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። "እማማ አየለች! ይንገሯቸው እስቲ። ከአባቴ ጋር አብረው አልበሉም?"

አንድ ሰው መነጽር ሰጣቸው። እማማ አየለች አድርገውት ወደ ኅትመቱ ቀረቡ፤ ጥቂት ቆዩ፤ በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ከምባትኛ በደንብ አልሰማም፤ ከሆሳዕና ለመጣነው ምሕረት እያስተረጎመች ነበር።

"‘እኔ የሚታየኝ ቀይ ብቻ ነው’ አሉ" አለችን። እውነታቸውን ነው፤ ስሪዲ ለአንድ ዓይን አይሠራም።

መነጽሩን አውልቀው ለሰጣቸው ሰው መለሱ። ሰውየው በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ ተቀበላቸው። ከዚያ አሮጊቷ ቀጠሉ፤ ምሕረትም ከእሳቸው ኋላ ኋላ ትላለች፤

"‘ግን ያን ቀን አውቀዋለሁ። ለድግስ ያዘዙትን ማሰሮ አምጥቼ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ነበር። ርቦኝ ነበር። ፎቶ አንሺው ሁሉም ባለበት ይቁም አለ፤ እኔም ባለሁበት ቀረሁ።’"

"በሉ፣ ይበቃል፣ ደክመዋል" አለ አቶ መለሰ።

"‘አልደከመኝም’ አሉ" አለች ምሕረት። "‘ቆጮውን በቅጠል አድርገው በአጥሩ ሥር ገፉልኝ። እጅ እንዳይነካካ በዱላ ነው የሚገፋው። ቶሎ ካልሳብኩት ውሻው ይቀድመኛል።’" አለች ልጄ። "‘አባትህ ግን ደግ ነበሩ፣ መለሰ። ዱላውን ሠራተኛ አላስያዙም፤ በገዛ እጃቸው ነው የገፉልኝ።’"

ማንም አልሳቀም። አሮጊቷ ብቻ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር፤ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና የሚጣለውን ሳህን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ምሕረት ከሙሽራ ወንበሯ ተነሣች። ሳትቸኩል ድንኳኑን አቋርጣ ሄደች፤ እጇን ታጠበች፤ ከእማማ አየለች እግር አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "እማማ፣ ልብላ?" አለቻቸው። አሮጊቷ በአንድ ዓይናቸው አዩዋት። ሳህኑን ወደ እሷ አዘነበሉላት። ልጄ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ጎረሰች።

የሰውን ፊት ብታዩት! ልጅ እሳት ስትነካ የሚያይ ሰው ፊት ነበር። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ደግሞ እኮ ሁሉም አሁን "አሜን" ያሉ ናቸው።

ተነሥቼ ወደ ልጄ ሄድኩ። የእውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ሳህኑ ላይ ስደርስ እጄ አንዳፍታ ዘገየ። በልቤ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ እጄ ግን ዘገየ። እማማ አየለች አይተውታል። ጎረስኩ። ክትፎው ጨው በዝቶበታል።

ያኔ ተመስገን መጣ። መጣ አልኩ። በእጁ የታጠበ፣ የሚያብረቀርቅ የሸክላ ሳህን ይዟል፤ ከቤት ውስጥ፣ ከቁምሳጥኑ ያወጣው።

"ምሕረት" አለ በለሆሳስ፣ ፊቱ ላይ ደግነት ብቻ ነበር፤ "ሳህን አመጣሁልሽ።"

"ለምን?"

"ለአንቺ። የእማማ የብቻቸው ነው።"

ቀና ብላ አየችው። "ቁጭ በል" አለችው። "አብረን እንብላ።"

ተመስገን ሳህኑን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። አጎቱን አየ። አክስቶቹን አየ። "እኔ… ቆይ፣ እንግዶቹን ላስተናግድ" አለና ፈገግ ብሎላት ሄደ። ሳህኑን ይዞት ነው የሄደው።

ምሕረት እስከ መጨረሻው ጉርሻ በላች። ከዚያ ጣቷ ላይ ያለውን የእጮኝነት ቀለበት አውልቃ ሄዳ ለአቶ መለሰ እህት ሰጠቻቸው፤ "ለተመስገን ይስጡልኝ" ብላ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እማማ አየለችን ክንዳቸውን ይዛ እስከ ዳምቦያ ሚኒባስ ድረስ ሸኘቻቸው።

አቶ መለሰ በሩ ላይ ያዘኝ። ትልቁ ድምፁ ቀጭን ሆኗል። "በአንዲት…" ብሎ ያንን ስም ጠራው። እዚያው የአባቱ ፎቶ በተሰቀለበት ግቢ ውስጥ። "በእሷ ምክንያት የልጅህን ዕድል ዘጋህ!" ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ወረድኩ፤ ደስ አለኝ። አልፌው ወጣሁ። ብናገር ኖሮ እተፋበት ነበር።

በመንገድ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ምሕረት ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ታውቅ ነበር?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ስለ ፎቶው አውቅ ነበር። ስለ ልጁ አላውቅም ነበር።"

"እሱም ስለ ራሱ አያውቅም ነበር" አለች። ከዚያ አለቀሰች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ብዙ ሰው "በፎቶ ምክንያት ልጁን ከትዳር አስቀራት" ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ብለውኛል። አንድ ሽማግሌ "ትንሽ ብታስጠጋት ምን ነበር?" አሉኝ። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ሴቲቱ እኮ በዚያ ወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ተጠግታ ኖራለች። ችግሩም ያ ነው። በወረቀት አስጠግተናታል፣ በጸሎት አስጠግተናታል፣ በንግግር አስጠግተናታል። በመድረክ "ሁላችንም አንድ ነን" የሚለውን ሰው አሁን ስሰማ የማየው አፉን አይደለም፤ የት እንደሚቀመጥና ማንን የት እንደሚያስቀምጥ ነው። ይህ ነገር ጥሩ ጎረቤት አላደረገኝም፤ ድግስ ላይ ስጠራ ዓይኔ ሳህን ሲቆጥር ይውላል፣ ከሰውም ያጣላኛል። የራሴንም እጅ እጠብቀዋለሁ። እናንተም የቤታችሁን ፎቶ ስታሳዩ ከመኩራራታችሁ በፊት ማን ከማን ፊት እንዳለ በደንብ እዩ።

ከወራት በኋላ ተመስገን ሱቄ መጣ። ከስቷል። ምሕረት ለእረፍት መጥታ ከውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አላያትም።

"ጋሼ፣ ዳምቦያ እማማ አየለች ቤት ሄጄ መጣሁ" አለኝ። "ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ተንበርክኬ ነው የጠየቅኋቸው።"

"እሰይ" አልኩ፤ ከልቤ ነው። "ምን አሉህ?"

"‘ግባ ልጄ’ አሉኝ። ገባሁ። ምግብ አቀረቡ።"

"በላህ?"

"ጨጓራዬን ያመኝ ነበር" አለ ቶሎ ብሎ። "ነገርኳቸው፤ ተረዱኝ። እንዲያውም ‘እንግዲያው መንገድ ላይ ትበላለህ’ ብለው በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። በጣም ደግ ሴት ናቸው።"

ምሕረት ከውስጥ ወጣች። እሱ ደነገጠ። እሷ ፊቱን ሳይሆን ሁለት ባዶ እጆቹን ነው ያየችው።

"ፌስታሉ የታለ?" አለችው።

እጆቹን አያቸው። "ሚኒባስ ውስጥ… ረሳሁት መሰለኝ።"

"መኪናው እስካሁን መናኸሪያ ይኖራል" አለችው። "ሂድና አምጣው፤ አብረን እንበላዋለን።"

"እሺ" ብሎ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ መናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወያላው "ዱራሜ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። ምሕረት በሱቁ በር ላይ ቆማ፣ የቀረው አንድ ሰው እሱ ሆኖ ወደ ዱራሜው ሚኒባስ ሲገባ አየችው።